«ግዴለም» ያለችው ፀጉር አስተካካይ

በኡሺማዶ ወደብ አጠገብ ያለው የኢኩዮ ሞሪዋኪ ፀጉር ቤት ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ግን ፀጉሩ ያላደገው ሰው ሳይቀር ይመጣል። የሚመጣው ለመቆረጥ ብቻ አይደለም፤ ኢኩዮ ሰኞን ሙሉ ከኋላ ክፍል ተቀምጣ ስትጫወት የዋለችውን ጌም ሊሰማ ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ወጣቱ ኦሳካና ቶኪዮ ገብቶ ቀርቷል። የቀሩት ሽማግሌዎች ጆይስቲክ በእጃቸው ነክተው አያውቁም፤ ቢሆንም በጌሙ ውስጥ ያለው የአጋንንት ንጉሥ የት ደረሰ ብሎ የማይጠይቅ የለም።

ኢኩዮ ወደ ስድሳው እየተጠጋች ነው። አላገባችም። ሙያውንም፣ ቤቱንም፣ የሚሽከረከረውን ወንበርም ከአባቷ ወረሰች። አባቷ ብዙ ነገር አስተምረዋታል፤ አጥብቀው የነገሯት ግን ስለ መቀስ አልነበረም። «ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያረፈ ሰው አይመልስልሽም። ጠይቂው፣ መልስ ግን አትጠብቂ» ይሏት ነበር። እሷም እንደዚያው ኖረች። ቀኑን ሙሉ ትጠይቃለች፣ የሚመልስላት የለም፣ እሷም ቅር አይላትም። ወይም ቅር የማይላት ይመስላታል።

ጌሙን የገዛችው ለራሷ አልነበረም። ተራ የሚጠብቁ ልጆች እንዳይሰለቹ ብላ ነው። ግን በከተማዋ ልጅ የሚባል እያነሰ ሄደ፤ ያሉትም ፀጉራቸውን ሌላ ቦታ መቆረጥ ጀመሩ። አንድ ዝናባማ ሰኞ አቧራውን ልትጠርግለት ብላ ነካ ስታደርገው በራ። «እስቲ ምን እንደሆነ ልየው» ብላ ተቀመጠች። ሩዝ ማብሰያው ጮኾ ጮኾ ሲሰለቸው ዝም አለ፤ እሷ አልተነሳችም።

በዚህ ዓመት ሦስት ጌም ተጫውታለች። አንዱ አጋንንት ያፈረሱትን የፍል ውሃ ቤት መልሳ ስለምትሠራ ሴት ነው። ሁለተኛው የገዛ ስሙን ስለረሳ ወታደር። ሦስተኛው የጠፉ የመብራት ማማዎችን ለማብራት ከደሴት ደሴት ስለምትዞር ልጅ፤ ከልጅቷ ጋር ውሃ የሚፈራ ባላባትና አፈኛ ወፍ አብረው ይጓዛሉ። ተጫውታለች አልኩ እንጂ ጨርሳለች አላልኩም፤ እሱን እደርስበታለሁ።

«ሰማህ ሂሮታ» አለች አንድ ማክሰኞ፣ ደንበኛዋን እያበጠረች። «ወታደሩ ሰው ቤት ሰተት ብሎ ይገባል። ቁም ሳጥን ይከፍታል። እንስራ ይሰብራል። ያገኘውን ኪሱ ይከታል። ባለቤትየዋ እዚያው ቆማ ‹ዛሬ አየሩ ደስ ይላል› ትለዋለች። ምን ዓይነት አገር ነው?»

ሂሮታ ዓሣ ነጋዴ ነው፤ ከኢኩዮ ጋር አብሮ አንድ ክፍል የተማረ። ትንሽ አሰበና «ሲገባ ጫማውን ያወልቃል?» አላት።

«ኧረ አያወልቅም!»

«በቃ፣ ነውሩ እሱ ነው።»

«ደግሞ ሴትየዋን አሥር ጊዜ ብታናግራት አሥሩንም ጊዜ ያቺኑ ናት የምትልህ። ‹ዛሬ አየሩ ደስ ይላል›። ሳያት አንተ ትዝ አልከኝ።»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?»

«ከዚህ በር በገባህ ቁጥር ‹ጥሩ ሰርዲን ገብቷል› አይደል የምትለው?»

«ገብቶ ታዲያ ምን ልበል?» አለ ሂሮታ፣ ቤቱም በሳቅ ሞላ።

ከሁሉም አብልጠው የሚያዳምጧት ግን ካፒቴን ኦጊኖ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በደሴቶቹ መካከል ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ሲነዱ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤታቸው ጀርባ ያሉ ጥቂት የኮክ ዛፎችን ይንከባከባሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከመስኮቱ ሥር ያለችውን አግዳሚ ወንበር ይይዛሉ። የእሳቸው ጥያቄ እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ማን አሸነፈ አይሉም። የማማው መብራት በስንት ፋታ ነው የሚበራው? በጌሙ ውስጥ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ራሱስ የት ነው የሚተኛው? ዓለም ልትጠፋ ነው እየተባለ ልጅቷ ቁጭ ብላ ዓሣ ታጠምዳለች ስትላቸው ሌላው ሲስቅ እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ናት» አሉ። «ዓሣው በሚመጣበት ሰዓት ነው የሚመጣው።»

አንዴ ደግሞ ስለ ውጊያው ጠየቋት።

«በተራ ነው የምንማታው ካፒቴን» አለቻቸው። «አንዴ እኔ፣ አንዴ እሱ።»

«ልክ እዚህ ቤት እንዳለው ተራ?»

«ልክ እንደሱ።»

«እርስዎ ምን እንደሚያደርጉ እስኪመርጡ ጠላት ቆሞ ይጠብቅዎታል?»

«ይጠብቀኛል። አንድ ቀን ልብስ ላሰጣ ወጥቼ፣ ከጎረቤት ጋር አውርቼ ስመለስ ዘንዶው አፉን እንደከፈተ እዚያው ቆሟል።»

ካፒቴኑ በጣም ገረማቸው። «ጨዋ ዘንዶ ነው» አሉ።

«እናንተን የሚያህል ጨዋ ግን የለም» አለ ሂሮታ። «እርስዎ፣ እርስዎ፣ እርስዎ! ዘንዶው ቢሰማችሁ እሱም አንቱ ማለት ይጀምር ነበር።»

ኢኩዮ በመቀሱ ጀርባ አናቱን ነካ አደረገችው። ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር።

ጆሮዋ የሚቀላበት ምክንያት አላት። በፀደይ፣ የቼሪው አበባ ሊረግፍ ሲል፣ ካፒቴኑ ፀጉራቸውን ተቆርጠው ከወንበሩ ከተነሱ በኋላ አንድ ነገር ብለዋት ነበር። «ቅዳሜ ወደ ደሴቱ ልሻገር ነው። አበባው ሳያልቅ። አብረው ቢመጡስ?» ኢኩዮ ያን ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታ የአረፋውን ብሩሽ እያጠበች ነበር። ዞር ብላ ፊታቸውን ማየት አፈረችና ቧንቧውን ከፍ አድርጋ «ግዴለም» አለች።

ቅዳሜ ዋና የሥራ ቀን ነው። እሷ ግን ቤቱን ዘጋች፤ ሰማያዊ ልብሷን ለበሰች፤ ምሳ በሳጥን አዘጋጀች፤ ጃንጥላዋን ይዛ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ካፒቴኑ አልመጡም። የመጨረሻዋ ጀልባ ጡሩንባ ነፍታ ስትመለስ የሁለት ሰው ምሳ ብቻዋን በላች። ማክሰኞ እንደ ወትሮው መጡና ስለ ዘንዶው ጠየቋት። ስለ ቅዳሜ አንድም ቃል አላነሱም። ለካ ለወጉ ያህል ነው የጠየቁኝ፣ በኋላም ተጸጽተዋል ብላ አሰበች። በጣም ከፋት። እሷ ማንሳቱ ግን ነውር መሰላትና እንደ ታፈነ ቀረ።

ከዚያ የኮክ ወቅት ደረሰ። ካፒቴኑ አንድ ማክሰኞ እያንዳንዱ ፍሬ በወረቀት የተጠቀለለበት ሳጥን ይዘው ገቡና ለሁሉም አደሉ። ከዚያም ከአግዳሚው ላይ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው፣ «ልጄ ሳፖሮ ና እያለችኝ ነው» አሉ። «ብቻህን ከምትሆን ከእኛ ጋር ኑር ትላለች። እዚህም አጥብቆ የሚይዘኝ ነገር የለም። በወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ።»

የኢኩዮ መቀስ አየር ላይ ቆመ። መናገር የፈለገችው ብዙ ነበር። «ሳፖሮ እኮ ብርድ ነው» ብቻ አለች።

«ብርድ ነው» አሉ ካፒቴኑ። ቀጥለውም፣ «አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ሳልሄድ የመብራት ማማውን ጌም መጨረሻ ይንገሩኝ። ሳላውቀው ብሄድ በዚያ በረዶ ውስጥ እያሰብኩት እቀመጣለሁ።»

«እነግርዎታለሁ» አለች ኢኩዮ። ጭንቀቱ የመጣው በኋላ ነው። ኢኩዮ አንድም ጌም ጨርሳ አታውቅም። የመጨረሻው በር ድረስ ትሄድና እዚያ ላይ ታጠፋዋለች። ታሪኩ ካለቀ በኋላ እነዚያ ሰዎች አዲስ ነገር አይናገሩም፤ እንደ ሴትየዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዘው ባሉበት ይቀራሉ። ያንን ማየት አትወድም፤ ያስለቅሳታል። አሁን ደግሞ ካፒቴኑ መጨረሻውን ከሰሙ በኋላ እስኪሄዱ ድረስ እንኳ ማክሰኞ የሚያመጣቸው ነገር አይኖርም።

የካፒቴኑ መሄጃ ሲቃረብ፣ አንድ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ ማራገቢያውን ፊቷ ላይ አዙራ ተቀመጠች። ውጪ ሲካዳ የሚባሉት የዛፍ ነፍሳት ይንጫጫሉ። ኮክ ልጣ እየበላች ልጅቷን ወደ መጨረሻው ማማ አወጣቻት። በሩ ላይ አንዲት አሮጊት መብራት ጠባቂ ቆማለች። «ከእኔ ጋር ወጥተሽ ታበሪዋለሽ?» አለቻት። ከሥር ሁለት ቃላት ብልጭ ብልጭ ይላሉ፤ አዎ፣ አይ።

ኢኩዮ በኖረችበት ዘመን ሁሉ «አይ» የሚለውን ተጭና አታውቅም። አዎ ብትል ግን ታሪኩ ሊያልቅ ነው። ስለዚህ አይን ተጫነች።

«እንዲህ አትበዪ» አለች አሮጊቷ። «ከእኔ ጋር ወጥተሽ ታበሪዋለሽ?»

አይ።

«እንዲህ አትበዪ። ከእኔ ጋር ወጥተሽ ታበሪዋለሽ?»

ኢኩዮ እስከ ስንት ድረስ ትጠይቀኝ ይሆን ብላ ጓጓች። አይ፣ አይ፣ አይ እያለች የኮኩ ውሃ ጣቷ ላይ እስኪደርቅ ተጫነችው። አሮጊቷ አልተቆጣችም፣ አልደከማትም፣ ፊቷን አላዞረችም። ምን ዓይነት ፍጥረት ብትሆን ነው? አለች ኢኩዮ ለራሷ። ሰው እኮ የሚጠይቀው አንዴ ነው። አንዴ ጠይቆ፣ መልሱን ሰምቶ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ጆይስቲኩን አስቀመጠችና አሮጊቷ በሩ ላይ እንደቆመች ጌሙን አጠፋችው።

በማግሥቱ ሂሮታ ወንበሩ ላይ፣ ካፒቴኑ አግዳሚው ላይ ነበሩ። ካፒቴኑ ሐሙስ ወደ ሳፖሮ ባቡር ይሳፈራሉ። ኢኩዮ ሂሮታን ላጭታ ጨረሰችና፣ ወደ ፎጣ ማሞቂያው ዞራ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ «አንድ ትኩስ ፎጣ ልጨምርልህ?» አለችው።

«ግዴለም» አለ ሂሮታ።

ፎጣውን ትታ ጨርቁን ከአንገቱ ልትፈታ መጣች። ሂሮታ ዓይኑን ጨፍኖ አገጩን ቀና አድርጎ ይጠብቃል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ፎጣውስ?»

«ግዴለም አልክ እኮ!»

«አዎ፣ ግዴለም፣ አድርጊልኝ ማለቴ ነዋ!»

«ታዲያ አድርጊልኝ አትልም?»

«ኢኩ-ቻን» አላት በልጅነት መጠሪያዋ፤ «ይኼን ሁሉ ዓመት ኖረሽ ግዴለም ምን ማለት እንደሆነ ጠፋሽ? ይሁንም ነው፣ ይቅርም ነው! የሰውየውን ፊት አይተሽ ነው የምታውቂው። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ምን ታውቂያለሽ?»

ኢኩዮ ጨርቁን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ቀና ስትል በመስታወቱ ውስጥ ካፒቴኑን አየቻቸው። ጋዜጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እሷን ያያሉ። ሂሮታ ፎጣው ተደርጎለት፣ ጥሩ ሰርዲን መግባቱን አሳውቆ ወጣ።

ካፒቴኑ መጥተው ተቀመጡ። ኢኩዮ ጨርቁን አንገታቸው ላይ አሰረች፣ ፈታች፣ እንደገና አሰረች።

«መጨረሻው እንዴት ሆነ?» አሉ።

«በሩ ላይ ነኝ። አሮጊቷ ትመጫለሽ ወይ ብላ ትጠይቃለች። አይ ብላትም ደግማ ትጠይቀኛለች።»

«ሳይሰለቻት?»

«ሳይሰለቻት።»

ካፒቴኑ፣ «እኔ ከእሷ ብዙ መማር ነበረብኝ» አሉ።

«ያን ዕለት… በአበባው ጊዜ… ጀርባዬን ሰጥቼዎት ነበር» አለች ኢኩዮ።

«ሰጥተውኝ ነበር። ቧንቧውም ይጮህ ነበር።»

«ፊቴን ቢያዩት ኖሮ! ቅዳሜ ቤቱን ዘግቼ፣ ምሳ ሠርቼ፣ እዚሁ አሁን የተቀመጡበት ወንበር ላይ ዋልኩ።»

«እኔ ደግሞ ጀልባዋ ላይ ብቻዬን» አሉ ካፒቴኑ። «አበባው እንዴት እንደነበር አላስታውስም። አላየሁትም።»

ኢኩዮ ትኩስ ፎጣ አወጣችና ፊታቸው ላይ አለበሰች። እንደ አባቷ ሥርዓት አሁን ምላጩን ማንሳት፣ የፈለገችውን መጠየቅ፣ መልስ አለመጠበቅ ነበረባት። ምላጩን አጠፈችና ኪሷ ከተተችው። ዞራ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«ካፒቴን፣ አሁን ተራው የኔ ነው» አለች። «ሳፖሮ አይሂዱ። እዚህ ይቀራሉ?»

ከፎጣው ሥር፣ ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የለመዱት ቃል ነውና፣ «ግዴለም» አሉ።

«እንዲህ አይበሉ» አለች ኢኩዮ። «ይቀራሉ?»

ፎጣው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ካፒቴኑ እጃቸውን ከጨርቁ ሥር አወጡ፤ ፊታቸውን እንድታይ ፎጣውን አነሱት።

«አዎ» አሉ።