ለእማማ የተገዛው ፓፓያ

መካኒሳ አቦ ባለው ፍራፍሬ ቤት ሻጩ የበሰለ ፓፓያ ለሁለት ሲከፍል ሽታው ድንገት መጣብኝ። አጠገቤ የቆመችው እናቴ ፊቷን አዞረች።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ አንድ ክረምት፣ አባቴ "ሐይቆቹን እያየን፣ ዘመድ እየጠየቅን ሐዋሳ እማማ ዘንድ እንሂድ" ብሎ መኪና ውስጥ ጫነን። እማማ የእናቴ እናት ናት። ሞጆ ስንደርስ የአባቴ እህት እናቴን አቅፋ አልለቅ አለች። ከዚያ አንድ ጥቅል ልብስ ይዛ አብራን ተሳፈረች።

ዝዋይ ላይ እናቴ ለእማማ ፓፓያ ልግዛ ስትል አባቴ ራሱ ወርዶ መረጠላት።

"በደንብ የበሰለውን፣ ለጥርሷ እንዲመቻት!" አለችው በመስኮት። ፓፓያውን ጭኔ ላይ አቅፌ ሄድኩ።

ላንጋኖ ስንደርስ እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች። ጭቃው ሲያንሸራትታት እንደ ልጅ ሳቀች።

"ኧረ ይበቃል፣ እንሂድ" አለች አክስቴ።

"ተያት፣ ትንሽ ትሳቅ" አላት አባቴ። ለምን እንዲህ እንዳለ አልገባኝም።

ሐዋሳ፣ እማማ ደጅ ድንኳን ተጥሏል። እማማ ከተቀበረች ሦስት ቀን ሆኗታል፤ ለካስ እናቴን ሊያረዷት ነው ያመጧት። አክስቴ ጥቅሉን ፈታችው፤ ጥቁር ቀሚስ ነበር። እናቴ መሬት ላይ ወደቀች። እኔ ፓፓያውን ለማን እንደምሰጥ ጠፋኝ።

ዛሬ፣ ከፍራፍሬ ቤቱ ስንወጣ፣ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"ያን ቀን ውሃው ውስጥ ስስቅ፣ አባትሽ ነፍሱን ይማረውና፣ ያየኝ ነበር?"

"አላየሽም እማዬ" አልኳት።

ያያት ነበር። እንባውን በእጅጌው እየጠረገ።