አርብ ገበያ ላይ የተወጋችው ሴት

ጊዜው በጃንሆይ ዘመን ነው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ሙላትና ውባለም የሚባሉ ሁለት ሠልጣኞቼን ይዤ ከደብረ ታቦር ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። አርብ ገበያ ባለችው ትንሽ ክሊኒክ መድኃኒት በአፍ፣ ከቆዳ ሥር፣ በጡንቻና በደም ሥር እንዴት እንደሚሰጥ በታማሚ ላይ ላለማምዳቸው ነበር። እስከዚያ ድረስ የወጉት ብርቱካን ብቻ ነው። መድኃኒቱን በበቅሎ ጭነን እኛ በእግር ሄድን።

ንፋስ መውጫ

የጉናን ግርጌ ዞረን ንፋስ መውጫ ስንደርስ ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። የነቢያት ጾም ገብቷል። ያሳደሩን ወይዘሮ ትኩስ የባቄላ ንፍሮ አቀረቡልን፤ እሳት ዳር ተኮራምተን በላን። በማግስቱ ገብስ በሚታጨድበት ማሳ መሐል ቁልቁል ወረድን።

አርብ ገበያ

የደረስነው በገበያው ቀን ነው። ጌሾ ተራ አጠገብ አንድ ሰውዬ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ሰው ይወጋል። ለሁሉም መርፌው አንድ ነው፤ በየመሐሉ በጋቢው ጫፍ ይጠርገዋል። ወደ እሱ ተጠጋሁ።

«ምንድን ነው የምትሰጣቸው?» አልኩት።

«ፔኒሲሊን ነዋ! ለሁሉም ይሆናል።»

አፌን ሳልከፍት፣ አሁን የወጋት ሴት ክንዷን ማከክ ጀመረች። «አነቀኝ... ጉሮሮዬን» አለችና ባሏ እግር ሥር ተዘረረች። ፊቷ አበጠ፤ ከንፈሯ ጠቆረ።

«አድሬናሊን!» ብዬ ጮህኩ። ውባለም የመድኃኒቱን ሳጥን ከበቅሎው ላይ አወረደች። ሙላት፣ «በደም ሥሯ ልስጣት?» አለኝ።

«እንዳታደርገው! ልቧ ይቆማል። ጡንቻ ላይ፣ ጭኗ ላይ!»

ውባለም መርፌውን ስታቀርብ ባልየው እጇን ጨምድዶ ያዘ። «በመርፌ ገደላችኋት፤ ደግሞ ልትደግሟት ነው?»

«አያ፣ ይልቀቋት» አልኩት። «ካልተወጋች አሁኑኑ ትሞታለች።»

ዓይን ዓይኔን አየኝና ለቀቃት። ውባለም ወጋቻት። ጠበቅን። በመጨረሻ ሴትዮዋ ሲጥ የሚል ትንፋሽ ሳበች፤ ቆይታም «ውሃ» አለች።

ገበያው በእልልታ ቀለጠ። ባለ ጃንጥላው በግርግሩ መሐል ጠፍቷል። አንድ ሽማግሌ ግን ትከሻቸውን ገልጠው ውባለም ፊት ቆሙ። «ልጄ፣ ያንን ከሞት የሚያስነሳውን ለእኔም ውጊኝ።»

«ምንዎን ያምዎታል?»

«ኧረ ደህና ነኝ!»

ከኋላቸው ሰልፍ ተሠርቷል። ባልየውም ተሰልፏል። ከሴትዮዋ መውደቅ ይልቅ ያ ሰልፍ አስደነገጠኝ።

ደብረ ታቦር

ሴትዮዋ ድና ቤቷ ከገባች በኋላ፣ ልምምዳችንን ጨርሰን ተመለስን። መርፌ አወጋግን ጠንቅቄ አስተምር ነበር፤ አለመውጋትን ግን አስተምሬ አላውቅም። ስለዚህ ክፍል እንደገባን እኔ ሳያስፈልገው መርፌ ውጉኝ የሚል ታማሚ መስዬ ተቀመጥኩ። ማቃሰቱንም፣ መለመኑንም፣ መራገሙንም ሞከርኩ። ሙላት አዘነልኝና መርፌውን አነሳ። ውባለም ግን ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ፣ «አባባ፣ መርፌ አያስፈልግዎትም። ይልቅ የሚያስጨንቅዎትን ይንገሩኝ» አለች።