በጉ የሚታረድበት ቤት

የመጫወቻ ካርታው ላይ ምልክት አድርገሃል ብለው ከመሃላቸው አስወጡኝ። አላደረግሁም። አለማድረጌን የሚያውቅ አንድ ሰው እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ዝም አለ።

ዛሬ ጠዋት ከግሮሰሪው ደጃፍ አንዲት ሕፃን የለቀመችውን ቆርኪ በጣሳ ስታንኳኳ ሰማኋት። «ተይው!» ብዬ ልጮህባት ነበር፤ ተውኩት። እሷ ምን አደረገችኝ?

ነገሩ የሆነው ናዝሬት ነው፣ በደርግ ጊዜ። የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ ሞተር አጣቢ ነበርኩ። አገሬ ሩቅ ነው፤ እናቴም እዚያው ቀርታለች። ከተማው ውስጥ እንዴት ዋልክ የሚለኝ ዘመድ የለኝም። የነበረችኝ እሑድ ከሰዓት ናት። ከጋራዡ ጀርባ፣ ግራሩ ሥር፣ የናፍጣና የትኩስ አቧራ ሽታ እየሸተተን ፖከር የሚሉትን የካርታ ቁማር እንጫወት ነበር። ገንዘብ ከታየ ቀበሌ ያስራል፤ ስለዚህ በቆርኪ ነው። ለሁሉም እኩል ይታደላል፤ ያለቀበት ይነሣል፤ መጨረሻ የቀረው አሸነፈ ማለት ነው።

ለፋሲካ ሲሆን ደግሞ አዋጥተን በግ እንገዛለን። ያሸነፈ ሰው በጉን ነድቶ አይሄድም፤ በጉ እሱ ቤት ይታረዳል፣ ሁሉም እሱ ቤት ይበላል። ሌሎቹ የሚያስቡት ስለ በጉ ነበር፣ እኔ ስለ ሰዎቹ። ከተከራየኋት ጀምሮ ክፍሌን የረገጠ እንግዳ የለም፤ በዓል ሲመጣ የጎረቤት ሳቅ እየሰማሁ ነበር የምውለው።

ጎረቤቴ የጋራዡ በያጅ ነበር፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ከሥራ ስንመለስ እሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ጨዋታውን እንለማመዳለን። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፊትህ ያለው ክምር ብዙ ሲሆን ጥቂት ጥቂት ታስይዛለህ፤ ብትሳሳት መመለሻ አለህ። ክምርህ ሲያንስ ግን ጥቂት ማስያዝ ሞት ነው፤ በየዙሩ ለመግቢያ የምትጥላት ቆርኪ ብቻዋን ትጨርስሃለች። ያኔ ደህና ካርታ እንደመጣልህ ያለህን ሁሉ ባንዴ ትገፋለህ። ሳይመሽብህ ነው ታዲያ።

«ቆርኪህ ካለቀ በኋላ ማን ይፈራሃል?» ይለኝ ነበር በያጁ። ዘዴውን አብረን ነው የደረስንበት።

ለፋሲካው በግ የተጫወትን እሑድ ክምሬ አነሰ። ደህና ካርታ መጣልኝ፤ ሁሉንም ገፋሁ። ፈሩና ካርታቸውን ጣሉ፤ መሃል የተያዘው ቆርኪ የእኔ ሆነ። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩ፤ አሁንም ጣሉ። ቀጥሎ አንድ ሹፌር እኩል አስይዞ ተከተለኝ፤ የእኔ ካርታ በለጠ። ክምሬ ሲያድግ ወደ ጥቂት ጥቂቱ ተመለስኩ። ይሄኔ ሹፌሩ ካርታውን ወረወረው።

«ኧረ ጃል! ይሄ ሰውዬ ካርታችንን ከጀርባው ያየዋል! አንዴ ሁሉን ይገፋል፣ አንዴ ይቆነጥራል!»

«ፊደል ያልቆጠረ ሰው ካርታ ሊያነብ?» አለ አንዱ።

«ምልክት አድርጎበት ነዋ!»

ሳቁ። ካርታውን ወደ ፀሐይ እያነሡ አገላበጡት። የሞተር አጣቢ ጣት ነው፤ ግራሶ ያልነካው ካርታ ከየት ይመጣል? እያንዳንዷ ጥቁር ነጥብ መሰከረችብኝ።

ወደ በያጁ ዞርኩ። «ንገራቸው እንጂ!» አልኩት። ቆርኪውን በጣቱ ያስተካክላል። ቀና አላለም።

እኔ ከወጣሁ በኋላ ያሸነፈው እሱ ነው። ፋሲካ ዕለት በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። በግድግዳው ሳቃቸው ይመጣል፤ የጥብሱ ሽታ ይመጣል። ቀትር ላይ በሬ ተንኳኳ።

«ክፈት እንጂ፤ ትንሽ ቅመስ» አለ፣ በያጁ ነው።

አልከፈትኩም።

ከዚያ ወዲያ እሑዴን መሠረተ ትምህርት ጣቢያ ጣልኳት። ዛሬ ይህን የምጽፍልህ እዚያ በቆጠርኩት ፊደል ነው። ለዕውቀት ጓጉቼ እንዳይመስልህ፤ አግዳሚው ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ስለነበረ ነው። ከበያጁ ጋር ባንድ ግቢ እየኖርን ሰላምታ ተውን። ሲያስል እንኳ እሰማዋለሁ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ማለዳ ደጄ ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ስከፍት ሹፌሩ፣ በያጁ፣ የጋራዡ ሰዎች በሙሉ ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መልበሳቸውን ሳይ ገባኝ። መርዶ ነው። እናቴ ሞታለች፤ ወሬውን በአገሬ በኩል ያለፈው ሹፌር ነው ያመጣው።

ክፍሌ ሞላች። መቀመጫ ጠፍቶ አልጋዬ ላይ ተደራርበው ተቀመጡ። በማግስቱ ከሰዓት፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው፣ ሐዘንተኛው ከሐሳቡ ጋር ብቻውን እንዳይቀር ካርታ ወጣ። የሚያድለው በያጁ ነበር። ለእኔም አደለኝ። ሹፌሩ፣ ለእሱም ታድላለህ እንዴ በሚል ዐይን፣ በያጁን ትክ ብሎ አየው።

በያጁ የቀረውን ካርታ አስቀመጠ።

«ያኔ ምልክት አልነበረም» አለ። «አብረን ያወጣነው ዘዴ ነው። እያወቅሁ ዝም አልኩ። በጉ እኔ ቤት እንዲታረድ ፈልጌ ነው። ደጄን የሚረግጥ ሰው አልነበረኝም፤ ከእሱ በቀር።»

ከእኔ በቀር።

ሹፌሩ ወደ እኔ ዞረ። «ወንድሜ፣ ይቅር በለን» አለ። ሁሉም እኔን ያያሉ። እናቴ አፈር ገብታለች፤ ቤቴ በሰው ሞልቷል። ካርታዬን አነሣሁ። የማይረባ ካርታ ነበር። ጣልኩትና በያጁ አጠገብ ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩ።

ቀኑ ጥቅምት አምስት፣ የአቦ በዓል ነበር።