እምቢ የሚል ወፍጮ

ደባርቅ አንድ የኤሌክትሪክ ዎርክሾፕ ሥራ የገባሁ ቀን አለቃዬ ጋሽ አየነው አንድ ካርቶን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ሃያ ምናምን የሞተር መቆጣጠሪያ ቦርድ ነው።

"እነዚህ ፎርዝ ከሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ሌላ አይሰሙም" አሉኝ። "እርካሽ ነው ብዬ ገዝቼ ሰው ሲስቅብኝ ዓመት ሞላኝ። አንች እውነት ትችይዋለሽ?"

"እችላለሁ።"

"ምን ብለሽ ተማርሽው ደግሞ?"

"ላፕቶፔ ሌላውን ስለማይችል።"

እውነቴን ነው። በአይቲ ተመርቄ ዳባት እናቴ ቤት ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ። ያለኝ ላፕቶፕ አርጅቶ ከዚህ ሚጢጢ ቋንቋ በቀር የሚያነሣው ነገር አልነበረም። ቋንቋው ትእዛዙን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፦ ሁለት፣ ሦስት፣ ደምር። አማርኛ ለሚናገር ሰው ይኼ እንግዳ አይደለም። ጋሽ አየነው ለሦስት ወር ሙከራ ቀጠሩኝ። "ካልሆነ የዳባት መኪና ሞልቷል" አሉ።

የመጀመሪያ ደንበኛችን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የአንድ ደብር ወፍጮ ቤት ነበር። የወፍጮ ኮሚቴው ሊቀመንበር የኔታ፣ የቆሎ ተማሪዎች መምህር፣ ራሳቸው ዎርክሾፑ ድረስ መጡ።

"ወፍጮው በበዓል ቀን እንዳይነሣ አድርጊልን ልጄ" አሉኝ። "ፈጪው እምቢ ሲል ሰው ይቀየመዋል። ብረት እምቢ ቢል ማን ይቀየማል?"

ጋሽ አየነው በደስታ ሊበሩ ደረሱ። በጆሮዬ "ያሉሽን ሁሉ ጻፊ" አሉኝ።

ቦርዱን የሞተሩን መብራት ከሚያቀብለውና ከሚቆርጠው ኮንታክተር አጠገብ አሰርኩ፣ ቀን የሚቆጥረውን ሰዓት አገናኘሁ፣ ላፕቶፔን ሰካሁ። በፎርዝ እያንዳንዱ ትእዛዝ ቃል ይባላል፤ አዲሱ ቃል በአሮጌው ላይ ይደረባል። መጀመሪያ እሑድን ጻፍኩ። ቀጥዬ መድኃኔ ዓለምን፣ የደብሩን ታቦት። እዚያ ላይ ላፕቶፔን ብዘጋ ኖሮ!

የኮሚቴው ሽማግሌዎች አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። "ሚካኤልን ረሳሽው? ምን ነካሽ!" አሉ አንደኛው። ሚካኤልን ጻፍኩ። ሌላው የአቦ ማኅበርተኛ ናቸው። ሌላው የጊዮርጊስ ስእለት አለባቸው። አንደኛው ለአቡነ አረጋዊ ብለው ግማሽ ማዳበሪያ ድንች አሸክመው መጡ። እኔ ማን ነኝ፣ ገብርኤልን አስገብቼ ዑራኤልን በር ላይ የማቆመው? ሁሉንም ጻፍኩ።

ርክክቡ ጳጉሜ ሁለት ሆነ። ወፍጮው አንዴ ሲነኩት ተነሣ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። በማግስቱ ሩፋኤል ነውና እምቢ አለ። ያን ቀን እልልታው ባሰ። የኔታም አናቴን ይዘው መረቁኝ።

መስከረም አንድ አልተነሣም። ዓመት በዓል ነው፣ ማን ይፈጫል? ሁለት አልተነሣም፤ "ታዴዎስ ነዋ!" አሉ። ሦስት ባታ። አራት ዮሐንስ። አምስት አቦ። በየቀኑ የበዓሉን ስም የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፤ ሰልፈኛው "ልክ ነው" ብሎ እህሉን ጭኖ ይመለሳል። ማሽኑ ተበላሽቷል ያለ አንድ ሰው የለም። እንዲያውም "እንዴት ያለ ጨዋ ወፍጮ ነው" ይባል ነበር።

በስድስተኛው ቀን እትዬ ጥሩዬ የሚባሉ ሴት ዎርክሾፑ መጡ። የባላቸው ተዝካር ለመስከረም አሥራ ሁለት ተጠርቷል፤ ሦስት ኩንታል እህላቸው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተቀምጧል።

"ልጄ፣ ይኼ ነገር መቼ ነው የሚፈጨው?"

ላፕቶፔን ከፍቼ ቆጠርኩ። ከአንድ እስከ ሠላሳ ክፍት ቀን የለም። ደግሜ ቆጠርኩ። ወፍጮው የሚሠራው ጳጉሜ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ሩፋኤልና እሑድ ሲቀሩ።

"በስመ አብ!" አሉ ጋሽ አየነው። "ያሉሽን ሁሉ ጻፊ አልኩ እንጂ ስንክሳር ገልብጪ አልኩሽ? ነገ ካልተነሣ ሻንጣሽን ያዢ።"

የዳባቱ ሥራ ፈትነት እንደገና ታየኝ።

ማስተካከያው ቀላል ነበር። ፎርዝ "እርሳ" የሚል ትእዛዝ አለው፤ አንዱን ቃል ስታስረሱት ከሱ በኋላ የተጻፈው በሙሉ አብሮ ይጠፋል። ሚካኤልን ባስረሳው ሌሎቹ ሁሉ ይሄዳሉ፤ እሑድና መድኃኔ ዓለም ይቀራሉ። ግን "ሚካኤልን እርሳ" ብሎ የሚጽፍ ጣት ከየት ይምጣ?

በማግስቱ ኮሚቴው ወፍጮ ቤት ተሰበሰበ። "የትኛው ይውጣ?" ብዬ ጠየቅሁ። ባለድንቹ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ሌላው ይውጣ፣ አረጋዊ ይቆይ" አሉ። ሌላውም "የእኔ ይቆይ" አሉ። እንዲህ እየተባለ ዙሩ አለቀ፤ አንድም የወጣ የለም።

"እሺ፣ ሁሉም ይቆዩ" አሉ እትዬ ጥሩዬ ተነሥተው። "ተዝካሩ ላይ እናንተ ቆሎ ትቆረጥማላችኋ!"

ያልተጠራ ሽማግሌ አልነበረም። የኔታ ኩታቸውን አስተካከሉ።

"ቅዱሳኑን ከሰማይ የሚያወርድ የለም" አሉ። "እኛ የምናወርዳቸው ከብረቱ ነው። የት ነው የሚነካው?"

ትእዛዙን ጻፍኩና ቁልፉን አሳየኋቸው። አማትበው በአንድ ጣት ተጫኑት። ፈጪው ማብሪያውን ሲነካ ወፍጮው አጓራ። እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዕለቱ ሥላሴ ነበር፤ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ጋሽ አየነው ሙከራዬ ሳያልቅ የቅጥር ደብዳቤዬን ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ስንት የውኃ ፓምፕና የወፍጮ ቦርድ እንደጻፍኩ አላስታውስም።

ደንበኛ ማሽኑ መቼ እንዲቆም ሲነግረኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው መቼ እንዲሠራ እንደሚፈልግ ነው። መልስ ከሌለው ኬብሌን ጠቅልዬ እመለሳለሁ። ፎርዝን በሦስት ወር መማር ይቻላል፤ እኔ ይህችን ጥያቄ ሳልጠይቅ ሥራዬን ላጣ ነበር።