ቦርሳ ውስጥ የቀረው የሐኪም ወረቀት

የእህቴን ልጅ ሃዊን ጉደር ውስጥ የማያውቃት የለም። የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ፊት ቆማ ትዘምራለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ አላገባችም። መልኳን ከእናቷ ወሰደች፤ ምላሷ ግን የእኔ ነው፣ ለማንም አይመለስም።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ስታጥብ፣ ሆዷን በቀኝ በኩል ወጋትና እዚያው ቁጭ አለች። ስደርስ ከንፈሯ ነጥቷል፣ ላብ አጥምቋታል። አባቷ ኦቦ ኢዶሳ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ያላገባች ልጅ ሆዷን ይዛ በጠራራ ፀሐይ ሐኪም ቤት ስትገባ ከታየች፣ አስወርዳ ነው ይሉናል ብሎ ፈራ። እስቲ እንጸልይ፣ ሲመሻሽ እንወስዳታለን አለና በሩን ዘጋው። ወይ ሰው ምን ይለኛል! ጸሎት እኔም እወዳለሁ፤ ልጅቷ ግን ዓይኔ እያየ እየሞተች ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ ጮህኩበት፣ አልሰማኝም።

ሃዊ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች።

«አባዬ፣ በሩን ክፈት። ስምህን እጠብቃለሁ ስትል እኔን እንዳትቀብረኝ።»

መቀርቀሪያውን ሳበና ከፈተ። ደግፌያት አስፋልት ወጣን፤ ሰፈሩ ሁሉ እያየን ባጃጅ አስቁመን አምቦ ሆስፒታል ገባን። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አያት። እርግዝና የሚባል ነገር የለም፤ እንቁላል ማምረቻዋ ላይ የነበረ ውሃ የቋጠረ እጢ ፈንድቶ ሆዷ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው አለን። እስኪመሻሽ ብትቆዩ አትደርሱም ነበር አለ። የኦፕራሲዮኑን ፎርም ራሷ ፈረመች። ደም የሰጣት ከኋላችን ተከትሎ የመጣው አባቷ ነው፤ ክንዱን ዘርግቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አልዋሽም፣ ሲያለቅስ ደስ አለኝ።

ወሬው ግን ቀድሞን ጉደር ገብቶ ነበር። ከወር በኋላ ሽማግሌዎቹ ጠሯትና፣ ወደ ኳየር ከመመለስሽ በፊት የሐኪም ማስረጃ አሳዪን አሏት። እኔም አብሬያት ገባሁ። ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ አጣጥፌ የከተትኩት እኔው ነኝ። አውጪውና አፋቸውን አስይዢልን ብዬ በክርኔ ጎሰም አደረግኳት። እሷ የቦርሳዋን ዚፕ ዘጋችው።

«ያሰባችሁት ነገር ቢሆን ኖሮስ፣ መሞት ነበረብኝ?»

ኦቦ ኢዶሳ ከሽማግሌዎቹ መሀል ወንበሩን ለቆ ተነሳና መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

እሑድ ሃዊ ወረቀቱን ለማንም ሳታሳይ የፊተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ስፌቱ ገና ያማት ነበር፤ ቢሆንም ከሁሉም በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ዘመረች።