የባሌ እህት የምታውቀው ዝናብ

ልጄ አንድ ነገር ሲቸግረው ከእኔ ቀድሞ የሚጠይቀው የባሌን እህት ነው። በሱዳን ጠረፍ፣ ሸሕዲ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የምንኖረው። እኔን አንቱ ይለኛል፤ እሷን አንቺ፣ እንደ እናት።

ዝናዋ የመጣው ባሌ በሕይወት ሳለ በአንድ ዓመት በሆነ ነገር ነው። ያኔ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ሰሊጣችንን ማሳ ላይ አረገፈው፤ እሷ ግን ቀድማ አሳጭዳ አስገብታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰማይ የምታነብ ሴት ተባለች።

ሰማይ አላየችም። ከጎጃም የመጡ አጫጆች ከአንድ ባለሀብት ጋር ተጣልተው ደጃችን ላይ ቁጭ አሉ። ሥራ ካልሰጠቻቸው ወደ ሌላው የሰሊጥ አገር፣ ወደ አብደራፊ ሊሄዱ ነበር። እንዳላጣቸው ብላ ያልደረሰውን አሳጨደች። ውሃ ያቀበልኳቸው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ሲያሞግሷት ግን አንድ ቀን እንኳ ዕድል ነው አላለችም። ያለፈ ነገር ያስተምራል ይላሉ። ያስተምር ይሆናል፤ የሆነውን እንደሆነው የሚናገር ከተገኘ።

ዘንድሮ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ማሳ ዘራ። ያለውን ሁሉ እዚያ ላይ ነው ያፈሰሰው። ሰሊጡ ሊደርስ ሲል ደመና አንዣበበ፤ ወደ እሷ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

«አክስቴ፣ ምን ይታይሻል?»

«ያን ዓመትም እንዲሁ ከሱዳን በኩል ነው የጀመረው። እጨድ።»

«ገና አረንጓዴ ነው እኮ።»

«የእኔስ በስሎ ነበር እንዴ? አባትህ ጠብቆ ምን አገኘ? ባዶ አገዳ።»

ሁለቱም ሳቁ። በሟች ባሌ ሲሳቅ አልወድም።

«አንድ ሳምንት ታገሥ» አልኩት።

«እማ፣ እርስዎ መቼም ከእሷ ጋር...» ብሎ ተወው።

አሳጨደ። ነዶው ቆሞ ደረቀ፤ አንድ ጠብታ አልወረደም። ሸራው ላይ ሲያራግፉት ግማሹ የቀጨጨ ፍሬ ነበር፤ ነፋስ ወሰደው። የጠበቁት ጎረቤቶች ሙሉ ፍሬ አስገቡ። ደስ አለኝ እንዳልል የከሰረው ልጄ ነው፤ ምንም አልተሰማኝም ብል ደግሞ ውሸት ነው።

የዚያን ዓመት አጫጆች ነገር ያን ጊዜ ነገርኩት።

«እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሰምቶኝ ነበር፤ በደንብ ነው የሰማኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ ወዳጆቹ ለምን ቸኮልክ ሲሉት፣ ዘንድሮ ሠራተኛ ይጠፋል ተብሎ ተፈርቶ ነው አላቸው፤ አክስቱ ዱሮ አጫጅ እንዳታጣ ቀድማ አሳጭዳ እንደዳነች፣ ምክሩም የእሷ እንደሆነ አስረዳቸው። «እሷ ባትኖር ኖሮ ሁሉም ማሳ ላይ ይቀር ነበር» አለ። እሷም እዚያው ተቀምጣ አዎ በሚል አንገቷን ነቀነቀች፤ ምክሯ ስለ ሠራተኛ እንደነበር ገና አሁን መስማቷ እንደሆነ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ።