ሽሮ ላይ የወደቀው ብረት

ልጄ ናታን ባለፈው ቅዳሜ ለትምህርት ቤት ፕሮጀክቱ ዱቄት ሲፈልግ የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን እያተራመሰ የሽሮውን ዕቃ ከፈተው፤ የበሶብላው ሽታ ዉድበሪ ያለውን ቤታችንን ሞልቶ እኔን ወደ ሴንት ፖል ከተማ፣ ወደ አሥራ ሦስት ዓመቴ ይዞኝ ሄደ።

ከአዲስ አበባ በመጣን በመጀመሪያው የበረዶ ወቅት የሳይንስ አስተማሪያችን፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነገር ጉልበት አጠራቅሞ እንደሚቆይ፣ ሲወድቅ ያ ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ እንደሚለወጥ፣ ሲያርፍም ያገኘውን ገፍቶ ሥራ እንደሚሠራ አስረዱንና ይህንኑ አሸዋ ላይ ኳስ ጥለን እንድናሳይ ሁለት ሁለት አድርገው መደቡን። ለእኔ ሳራ ደረሰችኝ፤ እዚሁ የተወለደች፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የምትቀመጥ፣ እንግሊዝኛው ሲጠፋኝ የምትናገርልኝ አንድ ለእናቱ ጓደኛዬ ነበረች።

ምድሩ በብርዱ እንዲያ ድንጋይ ሆኖ አሸዋ ከየት ይምጣ? በሽሮ እናድርገው ያልሁት እኔ ነኝ። እናቴ ዘመድ በሻንጣ ያመጣላትን ሽሮ እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትጠብቀው፤ ስንለምናት "ደግሞ በሽሮ ፊዚክስ ተጀመረ?" ብላ ስቃ፣ ነፍተን እንድንመልስ አስጠንቅቃ ሰጠችን። ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣ የብረት ኳስ ስለቅ፣ ሳራ የጉድጓዱን ጥልቀት በእርሳስ እየለካች ስትጽፍ፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ጉድጓዱ ሲጠልቅ እየጮኽን ስንተቃቀፍ፣ ሽሮው አፍንጫችን ገብቶ ስናነጥስ ከረምን።

ካሸነፈው ቡድን ሐሳቡን ያፈለቀ አንድ ተማሪ ብቻ ለሳይንስ ካምፕ ይመረጣል ተብሎ ነበር። የካምፑን ቅጽ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ስዞር ጠርዙ አልቆ ነበር፤ ያን ያህል ተመኝቼዋለሁ።

በውድድሩ ዕለት ፀጉራቸው የነጣ ሴት ዳኛ፣ እኔም እንዲገባኝ ቀስ ብለው፣ ሐሳቡ የማን እንደሆነ ጠየቁን። ገብቶኛል። ግን እኛ ቤት "የኔ ነው" ማለት ነውር ነው፤ ሰው ወደ ጓደኛው ይጠቁማል፣ ጓደኛውም "ኧረ የሱ ነው" ብሎ ይመልስለታል። ሳራም ይህን ታውቃለች፤ እናቶቻችን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ "ይግቡ"፣ "ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ" ሲባባሉ ከኋላቸው በብርድ እየተንቀጠቀጥን ስንቴ ስቀናል! ስለዚህ ያለ ምንም ስጋት ወደ እሷ ጠቆምሁና "የሷ ነው" ብዬ ተራዋን ጠበቅሁ።

ሳራ ዓይኔን አየችው። ከዚያ ወደ ዳኛዋ ዞራ፣ "የስ፣ ማይ አይዲያ" አለች።

ካደችኝ። እስከ ዛሬ ለነገሩ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። አሸነፍን፤ ወደ ካምፑ ግን እሷ ሄደች፣ እሑድ እሑድም ያንኑ አግዳሚ ወንበር ጫፍና ጫፍ ተቀመጥንበት። አስተማሪያችን ጉልበት መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም ይሉ ነበር፤ ያ ሁሉ መተቃቀፍ ወደ ምን እንደተለወጠ ግን እንጃ። እናቴ ሽሮውን ሠርታ ስታቀርብ አልበላሁም።

ቅዳሜ ዕለት ናታን ሽሮውን ሳህን ላይ ሲገለብጥ ክንዱን ያዝሁት። "ሐሳቡ የማን ነው ብለው ሲጠይቁህ፣ የኔ ነው በል። ወደ ማንም እንዳትጠቁም፣ እሺ?"

ግራ ገብቶት አየኝ። "ኖ፣ ማሚ። ኳሱን ዱቄት ላይ እንጣለው ያለው እኮ አብሮኝ የሚሠራው ኤልያስ ነው። ኢትስ ሂዝ አይዲያ።"

ከሳራ አፍ ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። ልጄ ሲናገረው፣ እኔ ልከለክለው ክንዱን ይዤ ቆሜ ነበር።